“ኢትዮጵያ” በሃምቡርግ መድረክ

እ.ኤ.አ. በ1909 በጋ፣ ከሃምቡርግ ከተማ ወጣ ብሎ በሽቴሊንገን በሚገኘው የካርል ሃገንቤክ የእንስሳት መናፈሻ ትኬት ቆርጦ የገባ ጀርመናዊ፣ የዓመቱን ታላቅ ትርዒት ስም ሲጠይቅ የሚነገረው የእኛ አገር ስም ነበር፦ “ኢትዮጵያ”። ሰውየው በነሐስ ሐውልቶች ባጌጠው በር ይገባል። በብረት ፍርግርግ ፈንታ በጥልቅ ቦይ ብቻ ከተመልካቹ የተለዩትን አንበሶች አይቶ ያልፋል። ከዚያ በትርዒቱ ሜዳ ዙሪያ ቦታውን ይይዛል። ሜዳው ላይ ጎጆ ተቀልሷል። ግመልና ፍየል አለ፤ ጦርና ጋሻ የያዙ ጎልማሶች፣ ሴቶችና ልጆች አሉ። ሰዎቹ ሶማሌዎች ነበሩ።

በእንዲህ ያለው ትርዒት የሚታየው ታሪክ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም። መንደሩ በሰላም ውሎው ላይ ሳለ ወራሪ ድንገት ይደርስበታል፤ ጩኸት ይነሣል፤ ጦር ይወረወራል፤ ፈረስና ግመል አቧራ ያስነሣል። በመጨረሻ ዕርቅ ይወርዳል፤ ከዕርቁ በኋላ ሠርግና ጭፈራ ይከተላል። ሕዝቡ ያጨበጭባል። ሰዓቱ ሲደርስ ያው ወራሪ ተመልሶ ይመጣል፤ ያው ዕርቅ ይወርዳል፤ ያቺው ሙሽራ እንደገና ትዳራለች።

ጅግጅጋ፣ አውበሬ፣ ቶጎ ውጫሌ፣ ቀብሪበያህ፣ ሽንሌ ወይም አይሻ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለዚህ ነገር ከቤተሰቡ ሰምቶ ይሆናል፤ በትምህርት ቤት ግን አልተማረውም። ጀርመን ውስጥ ስለዚያ ዘመን የሕዝቦች ትርዒት ወፋፍራም መጻሕፍት ተጽፈዋል። የተመልካቹ ስሜት፣ የጋዜጣው አስተያየት፣ የትኬቱ ገቢ፣ የሳይንቲስቱ የመለኪያ ሰንጠረዥ ተሰንዷል። ሜዳው ላይ የቆሙት ሰዎች ወደ ተመልካቹ ሲያዩ ምን እንዳዩ የሚናገረው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ የሁለቱንም ወገን ነገር ይዞ ይነሣል፤ ሁለተኛው ወገን የእኛ ነውና።

ነገሩ የተጀመረው በአጋዘን ነው። ካርል ሃገንቤክ የሃምቡርግ የአውሬ ነጋዴ ልጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1874 አጋዘን ሊያስመጣ ሲል፣ ሠዓሊ ወዳጁ ሃይንሪሽ ሎይተማን አጋዘኖቹን ከባለቤቶቻቸው ጋር ቢያመጣቸው ሰው ይበልጥ እንደሚስብ መከረው። ከሰሜን አውሮፓ ጫፍ የመጣው የሳሚ ቤተሰብ ድንኳኑን ሃምቡርግ ውስጥ ተከለ፤ ያውቅበት እንደነበረው አጋዘኑን አለበ፤ እናቲቱ ልጇን አጠባች። ሕዝቡ እየተጋፋ መጣ። ነጋዴው ሰው ከአውሬ የበለጠ ገበያ እንዳለው የተረዳው በዚያን ጊዜ ነው። በ1876 ከዛሬው የሱዳንና የኤርትራ ድንበር አካባቢ፣ ከከሰላ በኩል፣ ሰይፈኛ አዳኞችን አስመጣ። ተፎካካሪዎቹም ተከተሉት። ከዚያ እስከ 1930ዎቹ ባለው ጊዜ ጀርመንን የዞሩት እንዲህ ያሉ ቡድኖች ወደ 400 እንደሚጠጉ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ።

ወደ ሶማሌ ምድር መንገዱን የከፈተለት ዮሴፍ ሜንገስ የሚባል ጀርመናዊ ተጓዥ ነው። ቀደም ሲል ሱዳን ውስጥ ነበር፤ በ1880ዎቹ ደግሞ ከበርበራ ወደ ውስጥ እየገባ አውሬ ያጠምድ፣ ካርታ ያነሣ ነበር። በሰሜኑ የሶማሌ ድንጋያማ ተራሮች ላይ የምትኖረውን ትልልቅ ጆሮ ያላትን ቤይራ የተባለች ትንሽ ሚዳቋ ለአውሮፓ ሳይንስ ያስተዋወቃት እሱ ነው፤ የሳይንስ ስሟ ዛሬም የእሱን ስምና 1894ን ይዞ ይጻፋል። ለሃገንቤክ የዱር አህያና ሰጎን የሚያቀርበው ሰው ኋላ ሰዎችንም ያቀርብ ጀመር። በ1895 ሃገንቤክና ሜንገስ የሶማሌ ቡድን ይዘው ለንደን በሚገኘው ክሪስታል ፓላስ ትልቅ ትርዒት አሳዩ።

በዚያው ዘመን ጅግጅጋ ምን ነበረች? ከዘይላ ወደ ሐረር ለሚያልፈው ሲራራ ነጋዴ የቆየች ማረፊያ ናት። እንግሊዛዊው መኮንን ስዌይን በየካቲት 1893 ሲያልፍባት ያገኘው የውኃ ጉድጓዶችና አጠገባቸው በአጥር የተከበበ፣ ሃያ አምስት ወታደር ያለበት ትንሽ ምሽግ ነበር። ከበርበራ ሐርጌሳን አልፎ በጅግጅጋ ሜዳ ወደ ሐረር የሚወጣው መንገድ ቡና፣ ቆዳ፣ ሙክትና ጨርቅ ይመላለስበታል። በኢትዮጵያና በእንግሊዝ ይዞታ መካከል ድንበር የተባለው በ1897 በወረቀት ሲፈረም፣ መሬት ላይ የተተከለው በ1930ዎቹ ነው። ስለዚህ በርበራ ላይ መርከብ የተሳፈረው ሰው ግመሉን ሐውድ በተባለው የግጦሽ ምድር ላይ፣ ዘመዱን አውበሬ ትቶ የሄደ ሊሆን ይችላል። የቡድኖቹን ሰዎች “የዚያ ማዶ ሰዎች” ብሎ ለሌላ አገር መተው የማይቻለው ለዚህ ነው።

ትርዒቱ “ኢትዮጵያ” ተብሎ መሰየሙም ያለ ምክንያት አልነበረም። ከአድዋ ወዲህ የአገሪቱ ስም በአውሮፓ ጋዜጣ ይነገራል። በ1905 መጀመሪያ የፍሪድሪሽ ሮዘን የጀርመን መልእክተኛ ቡድን ጅቡቲ ወርዶ፣ በአዲሱ ባቡር በአይሻና በሽንሌ በኩል ድሬዳዋ ገብቶ፣ በሐረር አድርጎ አዲስ አበባ ደርሷል፤ በመጋቢት ወር ከአፄ ምኒልክ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈርሟል። በቀጣዩ ዓመት የጀርመን ሊቃውንት አክሱም ላይ ቁፋሮ ጀመሩ። የሃምቡርግ ሰው ስሙን ሰምቷል፤ አገሩን ለማየት ጓጉቷል። ነጋዴው ያንን ጉጉት በትኬት ቸበቸበው።

ተመልካቹ እንዴት ሆነ? ብዙው በቅን ልብ ተደሰተ፤ ይህን መካድ አይገባም። ርቆ የማይሄድ የፋብሪካ ሠራተኛ ልጆቹን ይዞ እሑድ ከሰዓት ወጥቶ፣ ግመል ሲጋልብ፣ ጦር አየር ሲሰነጥቅ አይቶ ተደንቆ ተመለሰ። ፖስት ካርድ ገዛ። ያየውን ሁሉ እውነት ነው ብሎ ተቀበለ። የሃገንቤክ ንግድ የቆመው በዚህ እምነት ላይ ነበር፦ የምታዩት ተዋናይ አይደለም፣ ራሱ ሰውየው ነው፤ ድራማ አይደለም፣ ኑሮው ነው። የአንበሳው ፍርግርግ የተነሣው ተመልካቹ ዱር የገባ እንዲመስለው ነው፤ ጎጆው የተሠራውም መንደር የገባ እንዲመስለው ነው። በጽሑፍ የተዘጋጀ ቅደም ተከተል፣ ልምምድና ደመወዝ ያለው ሥራ መሆኑ ከተመልካቹ ተደበቀ።

ተመልካቹም ዝም ብሎ አላየም። አጥር ጥሶ የሚገባ ነበር። ለወንዶቹ የፍቅር ደብዳቤ የሚጽፉ ሴቶች ነበሩ፤ ጋዜጦች በዚህ ነገር ተቆጥተው ስለ ጨዋነት ይሰብኩ ነበር። የበርሊን የአንትሮፖሎጂ ማኅበር ሊቃውንት፣ በዋናነት ታላቁ ሐኪም ሩዶልፍ ፊርሾ፣ የተመልካቹን ጉጉት በመለኪያ ይዘው መጡ፤ የጭንቅላት ዙሪያ፣ የአፍንጫ ርዝመት፣ የክንድ ስፋት መዘገቡ። በ1880 ከላብራዶር ከመጡት የኢንዊት ሰዎች አንዲት ሴት በልኬቱ ጊዜ በድንጋጤ ራሷን ስታ ክፍሉን ስታተራምስ፣ ፊርሾ ያንንም እንደ ሳይንስ መረጃ ጻፈው።

የዚያ ቡድን መሪ አብርሃም ኡልሪካብ ማንበብና መጻፍ የሚያውቅ ክርስቲያን ነበር፤ የቀን ማስታወሻ ይዟል። በርሊን ላይ ሕዝቡ አጥሩን አልፎ ጎጆአቸውን ሲያጥለቀልቀው፣ አለቆቹ ሰዉን እንዲያስወጣ ለመኑት። እሱም የውሻ አለንጋውንና የአቆስጣ ጦሩን ይዞ ወጥቶ ፊቱን አስፈሪ አደረገ፤ ሕዝቡ ሸሸ። ያን ቀን ተመልካቹ “አውሬው ሰው” ሲቆጣ አየሁ ብሎ ወደ ቤቱ ሄዷል። አብርሃም የሠራው ግን ማንኛውም አባወራ ቤቱን ሰው ሲወርረው የሚሠራውን ነው። እሱና ሰባቱ ባልደረቦቹ፣ ሚስቱና ልጆቹ ጭምር፣ የፈንጣጣ ክትባት ሳይሰጣቸው ስለመጡ በጥቂት ወራት ውስጥ ሁሉም አለቁ፤ እሱ ፓሪስ ላይ በጥር 1881 ሞተ። ማስታወሻው ወደ ጀርመንኛ ተተርጉሞ ስለቀረ ዛሬ እናነበዋለን። አንድ ደብተር የታሪኩን ፊት እንዴት እንደሚያዞረው ለማየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ሌላም ምስክር አለ። በ1896 ቪየና ፕራተር መናፈሻ አጠገብ የአሻንቲ መንደር ተተክሎ ነበር። ጸሐፊው ፔተር አልተንበርግ በየቀኑ እየሄደ ከሰዎቹ ጋር ተወዳጀ፤ በማግሥቱ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አንዲት ወጣት በብርዱ ለምን ልብስ እንደማትደርብ ስትጠየቅ፣ አሠሪዎቹ እንደማይፈቅዱ፣ አገራቸው ላይ እንዲህ ሆነው ቢታዩ የገዛ ሰዎቻቸው እንደሚስቁባቸው ታስረዳለች። ልጅቱ ሥራዋን ታውቃለች፤ ተመልካቹ ብቻ ነው ያላወቀው።

ከሶማሌዎቹ ወገን ሥራውን ከሁሉ አብልጦ ያወቀው ሄርሲ ኢጌ ነው። ከ1890ዎቹ ጀምሮ ከሃገንቤክ ጋር ሠርቶ፣ ኋላ ራሱ ሰው የሚመለምል፣ ውል የሚዋዋል፣ ቡድን የሚመራ ሆነ። በፎቶግራፎቹ ላይ ረጋ ብሎ ሲታይ ተገዝቶ የመጣ ሰው አይመስልም። ቀጥሮ የሚያሠራ፣ ለሰዎቹ ኃላፊ የሆነ ሰው ነው። እኔ ይህን ሰው ለማወደስም ለመኮነንም አልቸኩልም። ከዘይላ፣ ከበርበራና ከኤደን ወደብ ሰው በመርከብ ማጓጓዝ፣ ከባዕድ ነጋዴ ጋር ዋጋ መከራከር፣ የበግ ሥጋው በእስልምና ሥርዓት እንዲታረድ ማድረግ፣ ሴትና ሕፃን ይዞ የአውሮፓን ብርድ ማሳለፍ ትልቅ አመራር ይጠይቃል። በዚያው ልክ የወገኑን ኑሮ አጥር ውስጥ አስገብቶ ለሽያጭ አቅርቧል። ሁለቱም እውነት ነው። ብዙዎቹ ኮንትራታቸውን ጨርሰው ገንዘባቸውን ቋጥረው አገራቸው ገብተዋል፤ ከብት ገዝተዋል፤ ተመልሰው የሄዱም አሉ። በስዊድን የሚኖረው ሶማሌ ተመራማሪ ቦዳሪ ዋርሳሜ የእነዚህን ቡድኖች ጉዞ ከ1885 እስከ 1930 ተከትሎ መጻፉ ነገሩን ከተጎጂነት ብቻ እንዳናየው ረድቷል።

እንግሊዝም የራሷን መንደር ተክላ ነበር። በ1904 ብራድፎርድ ከተማ ሊስተር ፓርክ ላይ በተደረገው ኤግዚቢሽን የሶማሌው መንደር ከሁሉ በላይ ሕዝብ የሳበ ነበር፤ በስድስቱ ወር ኤግዚቢሽኑን የጎበኘው ሰው ከ2.4 ሚሊዮን በላይ ነው። ሶማሌዎቹ እዚያው ጎጆ ተቃጥሎባቸዋል፤ ሰው ሞቶባቸው ቀብረዋል፤ ልጅ ወልደው በአውራጃው ስም “ዮርክሻየር” ብለዋታል። ተመልካቹ ትርዒት ሲያይ እነሱ ኑሮ ኖረዋል።

እነሱ የውሸት ወረራ እያሳዩ በሚጨበጨብላቸው ጊዜ አገራቸው ላይ እውነተኛው ወረራ ነበር። ደርቪሾች የተባሉት የሰይድ ሙሐመድ አብዱላሂ ሐሰን ተዋጊዎች በመጋቢት 1900 ጅግጅጋ ላይ የነበረውን የኢትዮጵያ ጦር ሠፈር አጥቅተዋል። ጦርነቱ ሃያ ዓመት ገደማ ቆየ። “ኢትዮጵያ” የተባለው ትርዒት ሃምቡርግ ላይ በታየበት ዓመት ማብቂያ እንግሊዞች ከሶማሌ ምድር ውስጥ ወደ ባሕሩ ዳር ማፈግፈግ ጀመሩ፤ ባዶ በቀረው አገር ጎሣ በጎሣ ላይ ተነሣ፤ ተከትሎ የመጣውን የረሃብና የዘረፋ ዘመን ሶማሌዎች “ሐራሜ ዑኔ” ብለው ያስታውሱታል። በዚያ ዘመን ሰው የማይበላውን በላ፤ የሞተው ሕዝብ እጅግ ብዙ ነው። ከዚያ ምድር የመጣ ጎልማሳ ሽቴሊንገን ሜዳ ላይ የጦርነት ፉከራ ሲያሰማ በልቡ ምን እንደነበረ ማንም ጋዜጠኛ አልጠየቀውም። ይህ ቸልተኝነት ዛሬም ያንገበግበኛል።

ግን መልሰው ያዩ ነበሩ። በ1896 በርሊን ትሬፕቶቭ መናፈሻ ላይ በተደረገው የቅኝ ግዛት ኤግዚቢሽን ከአፍሪካና ከፓስፊክ ደሴቶች ከመቶ በላይ ሰዎች ተሰልፈው ነበር። ከካሜሩን የመጣው ክዌሌ ንዱምቤ የቴአትር መነጽር ገዝቶ፣ ሕዝቡ እሱን ሲያይ እሱም በመነጽሩ ሕዝቡን ያይ ጀመር። ከዛሬዋ ናሚቢያ የመጣው የሄሬሮ አለቃ ልጅ ፍሪድሪሽ ማሃሬሮ ደግሞ የተሰጠውን “የባህል ልብስ” ትቶ በአውሮፓዊ ሱፍ ፎቶ ተነሣ። ትሬፕቶቭ የሚገኘው የአካባቢ ሙዚየም ከ2017 ጀምሮ የእነዚህን ሰዎች ታሪክ በየስማቸው አሳይቷል።

ከሶማሌዎቹ መካከል የራሱን ቃል ትቶልን የሄደው ሙሐመድ ኑር ነው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት ጥቂት ዓመታት በፊት ከትርዒት ቡድን ጋር ጀርመን ገብቶ፣ ከቡድኑ ከተለየ በኋላ ሃምቡርግ ላይ ቋንቋ አስተማሪ ሆነ። ማሪያ ፎን ቲሊንግ የተባለችው ምሁር ሶማልኛን ያጠናችው ከእሱ ጋር ሆና ነው፤ በ1925 የታተመው የሶማልኛ ጽሑፎች ስብስቧ የእሱን ድካም ይዟል። ጦርነቱ ሲነሣ የእንግሊዝ ተገዥ ነህ ተብሎ በርሊን አጠገብ ሩሌበን ወደሚባለው የእስረኞች ካምፕ ተወሰደ። በዚያን ጊዜ የጀርመን ሊቃውንት በየካምፑ እየዞሩ የባዕዳንን ቋንቋና ዜማ በሰም ሲሊንደርና በሸክላ ይቀርጹ ነበር፤ የሙሐመድ ኑርም ድምፅ ተቀርጿል። በቅርብ ዓመታት ጀርመናዊቷ ተመራማሪ አኔተ ሆፍማን እነዚያን ቅጂዎች መልሳ አዳምጣ ጽፋለች። ቀራጮቹ የፈለጉት የአነጋገሩን ድምፅ ነበር፤ ምን እንዳለ ብዙም አልገደዳቸውም። መቶ ዓመት ሙሉ በመደርደሪያ ላይ የተኛው ግን የአንድ ሰው ንግግር ነው።

ከዚያ አጥር ወጥተን አንድ የጅግጅጋ የሠርግ ማታ ውስጥ እንግባ። አዳራሹ ዑንሲ በሚባለው ዕጣን ጢስ ታፍኗል። ሴቶቹ ድራዕ የተባለውን ስስና ዓይነ ግቡ ቀሚስ ለብሰዋል፤ ከሥሩ ጎርጎራዱ፣ የውስጥ ቀሚሱ፣ ያብለጨልጫል። ዘፋኙ ማይኩን ሲይዝ ኪቦርዱ ዳንቶ የተባለውን የሶማሌ ጭፈራ ምት ይጀምራል፤ ወንዶቹ ትከሻቸውን ሰብቀው እንደ ግመል አረማመድ እያረገዱ ይወጣሉ፤ ሴቶቹ በጭብጨባ ይመልሳሉ። ወዲያው ከተመልካቹ አንዱ ተነሥቶ መድረክ ይወጣል። የብር ኖቶቹን እየቆጠረ አንድ በአንድ ዘፋኙ ራስ ላይ ያነጥፋል፤ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ የሙሽራውን ዘር ይነግረዋል፤ ዘፋኙ ስሙን በግጥሙ ውስጥ አስገብቶ ይመልስለታል። ያኔ የወንድየው ወገን ጠረጴዛ በሙሉ በእልልታ ይነሣል። የሴቲቱ ወገን ዝም አይልም፤ ከዚያኛው በኩል ደግሞ ሌላ ሰው ብር ይዞ ይመጣል። ግማሹ ሰው በስልኩ ይቀርጻል፤ ሕፃናት በተጫዋቾቹ እግር መካከል ይሯሯጣሉ። መድረኩና ወንበሩ የት ላይ እንደሚለያዩ ለመናገር አስቸጋሪ ነው።

ተመልካቹ እንዲህ ከጨዋታው መቀላቀሉ አዲስ ነገር አይደለም። ጎንደር አዝማሪ ቤት የገባ ሰው “ተቀበል!” እያለ ግጥም እንደሚሰጥ፣ የሶማሌም ተመልካች የጨዋታው ባለ ድርሻ ነው። በ1950ዎቹ ሐርጌሳ ላይ የተመሠረተው የ“ወላላሀ ሐርጌሳ” ቡድንና ከዚያ በኋላ የመጡት የሶማልኛ ቴአትሮች ያደጉት በዚህ ተመልካች እጅ ነው። ድራማው ስለ ጋብቻ ያወራል፤ አዳራሹ ግን ስለ መንግሥት እንደሆነ ይገባዋል። የሐሰን ሼክ ሙሚን “ሸቤልናጎድ” የተባለው ተውኔት በ1960ዎቹ ሲታይ፣ ሴት አታላዩ ሰው ማን እንደሆነ ሕዝቡ ይከራከርበት ነበር። ከቴአትሩ የወጣው ዘፈን በማግሥቱ ገበያ ላይ ይሰማል፤ ካሴቱ በጭነት መኪና ድንበር ተሻግሮ ጅግጅጋ ሻይ ቤት ይደርሳል። የተሰወረውን ፍቺ ማግኘት የተመልካቹ ክብር ነው።

ጅግጅጋ ከኢትዮጵያ ቴአትር ልደት ጋርም በአንድ ሰው በኩል ትገናኛለች፤ ይህን የሚያስታውስ ግን ጥቂት ነው። የመጀመሪያውን የአማርኛ ተውኔት “ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ”ን የጻፉት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም የጅግጅጋ ገዥ ነበሩ፤ የከተማይቱ ቀጥ ቀጥ ያሉ ጎዳናዎች ፕላን ከእሳቸው ስም ጋር ይነሣል። ሩስያ ተምረው የመጡት እኚህ ሰው፣ አዲስ አበባ ውስጥ ዘፈንና ጭፈራ ብቻ “ቴአትር” ተብሎ ሲታይ ቅር ብሏቸው፣ አውሬዎችን እያናገሩ የሹማምንቱን ጉድ የሚገልጽ ተውኔት አዘጋጁ። ተመልካቾቹ መኳንንቱ ራሳቸው ነበሩ፤ ቀበሮና ተኩላ ሲናገሩ ስለ ማን እንደሚወራ ገባቸው። መዘዙም ቴአትርን እስከ ማገድ ደረሰ፤ እገዳው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ቆይቷል። ሃገንቤክ ሰውን ከአውሬ አጠገብ አቁሞ አሳየ፤ ተክለ ሐዋርያት በአውሬ ቆዳ ውስጥ ሰውን አሳዩ። የመጀመሪያው ተመልካች የሩቅ አገር ሰው አይቶ ተደሰተ፤ ሁለተኛው ራሱን አይቶ ደነገጠ። ለእኔ ቴአትር የሚባለው ሁለተኛው ነው።

የዛሬዋ ጅግጅጋ ትልልቅ መድረክ አይታለች። የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን ኅዳር 29 ቀን 2006 ዓ.ም. እና እንደገና በ2016 ዓ.ም. የተከበረው እዚያ ነው። ከየክልሉ የመጡ ቡድኖች በየባህል ልብሳቸው በስታዲየሙ ተሰልፈው አለፉ። ሕዝቡ ለእንግዶቹ በእልልታ ተነሥቷል፤ የአገሬው ሰው በሩን ከፍቶ አሳድሯል። ይህን ከሽቴሊንገን ጋር አንድ ነው ማለት ስድብ ይሆናል፤ እዚህ የወጣው ሰው ዜጋ ነው፣ የቆመው በገዛ ምድሩ ነው። ቢሆንም አንድ ጥያቄ እንጠይቅ፦ ሕዝብን በአምስት ደቂቃ ጭፈራና በአንድ ዓይነት ልብስ ጠቅልሎ ማሳየት ከየት የመጣ ልማድ ነው? የሽንሌ አርብቶ አደር ስታዲየም ውስጥ ስለ ድርቁና ስለ ባቡሩ ሐዲድ የሚናገርበት ጊዜ ካልተሰጠው፣ ተመልካቹ ልብሱን አይቶ ሰውየውን ሳያውቅ ይሄዳል። አዘጋጆቹ ይህን ሊያስቡበት ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ሃገንቤክ በ1913 ሞተ፤ ልጆቹ ቀጠሉበት። በመናፈሻው የመጨረሻ ከሚባሉት ትርዒቶች አንዱ በ1931 የታየው የኒው ካሌዶንያ ሰዎች ትርዒት ነው። ከዚያ በኋላ ሲኒማው ተመልካቹን ወሰደው። መናፈሻው ዛሬም ክፍት ነው፤ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይሄዳል፤ በአሮጌው በር ላይ የሩቅ አገር ሰዎች የነሐስ ምስል አሁንም ቆሟል። በቅርብ ዓመታት የሃምቡርግ ነዋሪዎች ያ ታሪክ በግልጽ እንዲነገር ጠይቀዋል፤ ክርክሩ አላበቃም።

የእኛ ድርሻ ግን ከሃምቡርግ ክርክር የሚጠበቅ አይደለም። የሶማሌዎቹ ፖስት ካርዶች በአውሮፓ ጨረታ ላይ ይሸጣሉ፤ ከሥራቸው “ሶማሌ ተዋጊ”፣ “ሶማሌ ሴት” ተብሎ ይጻፋል፤ ስም የለም። እነዚያን ስሞች ሊያውቅ የሚችለው ሰው ሃምቡርግ የለም፤ ያለው ቶጎ ውጫሌ፣ አውበሬ፣ አይሻ፣ ሐርጌሳና በርበራ ነው። ሶማሌ የአባቶቹን ስም ወደ ኋላ ዐሥርና ዐሥራ አምስት ትውልድ የሚቆጥር ሕዝብ ነው። ከእነዚያ ስሞች መካከል “ጀርመን ሄዶ የመጣው”፣ “በነጮች አገር ጦር የወረወረው” የተባለ አያት ያለው ቤተሰብ አለ ብዬ አምናለሁ።

ስለዚህ የጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ የታሪክና የቋንቋ መምህራን ተማሪዎቻቸውን መቅረጫ አስይዘው ወደ ሽማግሌዎቹ ይላኩ። የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በበርሊን ሁምቦልት ዩኒቨርሲቲ የድምፅ ማኅደር ውስጥ ያሉትን የሶማልኛ ቅጂዎች ቅጅ ይጠይቅ፤ የሙሐመድ ኑር ድምፅ በጅግጅጋ ሬዲዮ በገዛ ቋንቋው ይሰማ። በሃምቡርግና በበርሊን የምትኖሩ ኢትዮጵያውያንና ሶማሌዎች ማኅደሮቹ በእግር መንገድ ቅርባችሁ ናቸውና ሂዱ፤ ጠይቁ፤ ፎቶግራፎቹን ለአገር ቤት ላኩ። ይህን የምታነቡ የሰሜን ሶማሌ ልጆችም ዛሬ ማታ አያቶቻችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁልኝ፦ ከቤታችን በመርከብ ሄዶ ለነጮች የተጫወተ ሰው ነበር ወይ? ስሙንስ ታውቁታላችሁ?